አንድ እፍኝ ትኩስ ፋንድያ

«የፈረሴን ቂጥ ነው እንዴ የመሬት መንቀጥቀጥ የምትለው?» አሉኝ እትዬ ትደነቅያለሽ።

ጠዋት ነው። ግቢው መሃል በፒጃማ ቆሜያለሁ። በቀኝ እጄ የሰው ሰዓት፣ በግራ እጄ የራሴን ጫማ ይዣለሁ። «ውጡ! ውጡ!» ብዬ የጮህኩት ለሰፈሩ ሁሉ ነበር። የሰሙኝ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ቀድሞውንም ውጭ ነበሩ።

«ቤቱ ተንቀጥቅጧል፣ እትዬ። የሰዓቱ ብሎን ከጠረጴዛዬ ላይ ዘሎ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ተካበ፣ ተከተለኝ።»

የእኔ ክፍልና ጋጣው አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራሉ። ጋጣው ውስጥ ዳማ ቆሟል፤ የእትዬ ትደነቅያለሽ የጋሪ ፈረስ። ጀርባውን ለግድግዳዬ ሰጥቶ፣ ዓይኑን በስሱ ጨፍኖ፣ የጭራውን ሥር ግራና ቀኝ ያሻል። ጭራው ከሥሩ ተመልጦ ያረጀ የጫማ ብሩሽ መስሏል። ባሸ ቁጥር ጭቃው ይረግፋል። ባሸ ቁጥር፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ጠረጴዛዬ ይዘላል።

ሳምንቱን ሙሉ ልብሴን ሳላወልቅ የተኛሁት ለዚህ ነው። ለእህቴም ደውዬ ተሰናብቻታለሁ።

ሰዓት እጠግናለሁ። ፒያሳ ሱቄ ፊት ለፊት መንገድ ሲቆፈር እጄ አልረጋ አለኝ፤ ጸጥታ ፍለጋ ወደዚህች የጋሪ ከተማ መጣሁ። እትዬ ትደነቅያለሽ ክፍሉን ሲያሳዩኝ «ጸጥ ያለ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጎረቤትህ አፉን አይከፍትም» አሉኝ። አልዋሹም። ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ ወፍራም የብረት ቀለበት አለ፤ ኮፍያዬን እሰቅልበታለሁ። የድሮ ሰው ለጌጥ ያለው ፍቅር እያልኩ አደንቀው ነበር።

የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። የማይንቀሳቀስ ግድግዳ።

«ምን ሆኖ ነው የሚታከከው?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ። ወንድሜ ሽብሩ እርጅና ነው ይላል።» የዳማን ጋማ በጣታቸው ያበጥራሉ፤ ፊታቸውን አላሳዩኝም። «ዛሬ ፀሐይ ስትገባ አዲስ ፈረስ ይዞ ይመጣል። ጋጣው አንድ ነው። ዳማን ወስዶ አስፋልት ዳር ይለቀዋል።»

አስፋልት ዳር የተለቀቀ ፈረስ የት ደረሰ ብሎ በዚህ ከተማ የሚጠይቅ የለም። ማታ አለ። ጠዋት የለም። በመካከሉ ጅብ አለ።

«ባሌን ወደ መቃብር የወሰድኩት በዚህ ፈረስ ጋሪ ነው» አሉ። «መንገዱን ሁሉ ቀስ ብሎ ሄደ። ማንም አልነገረውም።»

«እርጅና ባይሆንስ?»

ለዳማ አዝኜ አይደለም፣ መዋሸት አልፈልግም። ስለ ብሎኑ ነው።

«ሽብሩ ቃሉን ሰጥቶኛል። ሐኪሟ ‹በሽታ ነው፣ ይድናል› ካለች አይለቀውም። ‹እርጅና ነው› ካለች ግን…»

እንግዲህ ነገሩ ቀላል ነበር። ግድግዳው ዝም አልልም አለ፤ ዳማ መታከኩን አልተውም አለ። ዳማን ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነው። ይኸው ነው። ከቁርስ በፊት ያልቃል ብዬ አሰብኩ።

*

ከቁርስ በፊት የሆነው መታጠብ ብቻ ነው።

«ሐኪም ፊት ቆሽሾ አይቀርብም» አሉ እትዬ ትደነቅያለሽ። በርሜሉ ሥር የቀረችውን ውሃ እስከ ጠብታዋ አወጡ። ዳማን በሳሙና አጠቡት፤ በተለይ ጭራው ሥር፣ የሚታይ ቦታ ነው ብለው። ጋጣውን ጠረጉ፣ ያለውን ፋንድያ በሙሉ አውጥተው ገደል ደፉ። ሲጨርሱ ጋጣው ከእኔ ክፍል ይበልጥ ያምር ነበር።

እኔም ስንፍናዬ እንዳይታይ አንድ ነገር ሠራሁ። ሐኪም ምን እንደምትጠይቅ አውቃለሁ፣ ከተሜ ነኝ። ባዶ የከረሜላ ቆርቆሮ ይዤ አጥሩ ሥር ካገኘሁት ክምር ጥቂት ቆንጥሬ ጨመርኩ። የሰዓት ሠሪ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ሰክቼም ለረጅም ጊዜ መረመርኩት። ትል አላየሁም። ኮራሁ።

*

ዶክተር ፈትለወርቅ የእንስሳት ክሊኒኩ ሐኪም ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጓንቷን እንደ ቦክሰኛ የምታጠልቅ።

የዳማን ከንፈር ገልጣ ድዱን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። «ነጥቷል።» እጇን ጎኑ ላይ አሳለፈች። «ጠጉሩ ቆሟል፣ ወዝ የለውም። የጎን አጥንቱ ይቆጠራል፣ ሆዱ ግን ተነፍቷል። ይበላል?»

«ይበላ ነበር፣ ልጄ። እየበላ ነው የከሳው» አሉ እትዬ ትደነቅያለሽ። «ከትናንት ወዲህ ደግሞ ገለባውን ዞሮም አላየው።»

«ትል ሊሆን ይችላል። ጥርሱ ሊሆን ይችላል። እርጅናም ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ።» ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስተር ቆርጣ የዳማ ጭራ ሥር ለጠፈች፣ አነሳች፣ መስታወት ላይ አድርጋ በማይክሮስኮፗ አየች። «እንዲህ የሚያስታክክ ትል አለ፤ ሌሊት ወጥቶ ፊንጢጣው ዙሪያ እንቁላሉን ይለጥፋል። ፕላስተሩ ያነሳው ነበር…» ፕላስተሩን አሸተተችው። «ይሄ ምን ይሸታል?»

«ሳሙና ነው» አሉ እትዬ ትደነቅያለሽ በኩራት።

«አጠቡት?»

«ታዲያ! ሐኪም ፊት እንዴት ሳይታጠብ ይቀርባል?»

«እትዬ፣ ያጠቡት እንቁላሉን እኮ ነው።»

ዶክተሯ ፕላስተሩን ጣለች።

«ፋንድያውስ?»

«ጋጣውን… እንደ ሳሎን ነው ያጸዳሁት።»

ይሄኔ ወደ ፊት ወጣሁ። ቆርቆሮዬን ከፈትኩ። «እኔ አምጥቻለሁ፣ ዶክተር። በመነጽርም አይቼዋለሁ፣ ንጹሕ ነው።»

ዶክተር ፈትለወርቅ ቆርቆሮውን አየች። እኔን አየች። ድጋሚ ቆርቆሮውን አየች።

«ይሄ እበት ነው።»

«አዎ።»

«የላም ነው፣ ወንድሜ።»

እትዬ ትደነቅያለሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ዳማ እንኳን ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ።

«መድኃኒቱን ዝም ብለው ቢሰጡትስ?» አልኩ፣ ወሬ ለማስቀየስ።

«ሳላይ አልሰጥም። ሁሉም ሰው ዝም ብሎ እየሰጠ ነው ትሉ መድኃኒቱን የለመደው። ደግሞስ ለወንድማቸው ምን ሊሉት ነው? መድኃኒት መዋጥ በሽታ መኖሩን አያስረዳም።» ጓንቷን እስከ ክርኗ ስባ፣ ቅባት ቀብታ፣ እጇን ከዳማ በስተኋላ አስገባች። ፊቷ የዘነበበት መስኮት መሰለ። እጇን አወጣች። «ባዶ። ሆዱ ግን ይንቀሳቀሳል፣ ጆሮዬን አድርጌ ሰምቻለሁ፤ አልተዘጋም። በሞቀ ውሃ የራሰ ፉርሽካ ስጡት፣ እሱን እንቢ አይልም። ከፊት ሲገባ የኋላው ይገፋል። አንድ እፍኝ ትኩስ ፋንድያ አምጡልኝ። ከመሬት የተለቀመ አይሁን፣ የአፈር ትል ይገባበታል። ያደረ አይሁን፣ እንቁላሉ ይፈለፈላል። የላምም አይሁን። ፀሐይ ስትገባ እዘጋለሁ።»

ግድግዳው ዝም አልልም አለ፤ ዳማ መታከኩን አልተውም አለ፤ ሐኪሟ ሳላይ አልሰጥም አለች፤ አንጀቱ ባዶ ነኝ አለ። እትዬ ትደነቅያለሽ ዳማን ይዘው ወደ ቤት፣ እኔ ኮፍያዬን አድርጌ ወደ ወፍጮ ቤት።

*

ጋሽ ኡርጌሳ ወፍጮ ቤታቸው በር ላይ፣ ባዶ ጆንያ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ከውስጥ ድምፅ የለም። ሰዓት ሠሪ ዝምታ ይወዳል፤ ይሄኛውን ግን አልወደድኩትም።

«ፉርሽካ ፈልጌ ነበር፣ ጋሽ ኡርጌሳ።»

«እኔም ፈልጌ ነበር።»

«የለም?»

«ስንዴው አለ። ሞተሩ አለ። እኔም ይኸው አለሁ። ቺንጋው ተበጠሰ። ቺንጋ ታውቃለህ? ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘው ጎማ።»

«ከትናንቱ የተራረፈ…»

«ዶሮ አርቢዎቹ ወለሉን ልሰው ሄደዋል።»

«ታች ያለው ወፍጮስ?»

«እሱ የሚፈጨው ጤፍ ነው። ሂድና ከጤፍ ላይ ፉርሽካ ለይተህ አምጣ። ካመጣህ እኔም መጥቼ አይሃለሁ።» ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ቆረጡት። «የማን ከብት ነው የታመመው?»

«ፈረሴ… ማለቴ የእትዬ ትደነቅያለሽ ፈረስ።»

«ዳማ?» ተነሱ። ጆንያቸውን አራገፉ፣ መልሰው አነጠፉት፣ መልሰው ተቀመጡ። ሌላ የሚያደርጉት አልነበራቸውም። «ቺንጋው ጎሚስታው ሙዘይን ጋ ነው። አጣብቀው ብዬ ከሰጠሁት ቆየ። ሂድና ጨቅጭቀው።»

መጨቅጨቅ እችላለሁ። ብዙ ሙያ የለኝም፣ እሱን ግን እችላለሁ። በመንገዴም ለራሴ እያጉረመረምኩ ሄድኩ፦ ግድግዳው ዝም አልልም አለ፤ ዳማ መታከኩን አልተውም አለ፤ ሐኪሟ ሳላይ አልሰጥም አለች፤ አንጀቱ ባዶ ነኝ አለ፤ ወፍጮው ፉርሽካ አልሰጥም አለ፤ ቺንጋው ወፍጮውን አላዞርም አለ። አንዲት ሴትዮ መንገድ ለቀቁልኝ።

*

ሙዘይን የተቀደደ ጎማ ላይ ተጋድሞ ስልኩን ያያል። ቺንጋው አጠገቡ ተጠቅልሎ እንደ ሞተ እባብ ተኝቷል።

«ይሄ ቺንጋ ለምን አልተጣበቀም?» አልኩት፣ ድምፄን እንደ ባለሥልጣን አወፍሬ።

ቀና አለ። ከጫማዬ ጀምሮ እስከ ኮፍያዬ ለካኝ። «ከየት ነው ትእዛዙ፣ ባለ ኮፍያው?»

«ከጋሽ ኡርጌሳ።» ድምፄ ቀጠነ። «እባክህ።»

«እየው እስቲ።» የቺንጋውን ጫፍ እጄ ላይ አስቀመጠው። ያድጣል። «ዱቄትና ዘይት ጠጥቶ ጠጥቶ ሰክሯል። ካልታጠበ ማስቲሽ አይይዘውም። ብለጥፈው ከሰዓት በኋላ ይላቀቃል፣ ስሜ ይጠፋል።»

«እጠበዋ!»

«በምን? በምራቄ?»

«ውሃ የላችሁም?»

«ብራዘር፣ አንተ የት ሰፈር ነው የምትኖረው? እዚህ ቧንቧው ከደረቀ ስንት ጊዜው። ውሃ ያለው ቁልቁለቱ ታች፣ ቦኖው ጋ ነው። የምታመጣልን አንዲት ጋሪ ነበረች፣ በርሜል የጫነች። ሰሞኑን ቀረች።»

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ግቢያችን ጥግ ዘንጓን ወደ ሰማይ አንስታ የቆመችው ጋሪ። ላይዋ ላይ ያለው በርሜል። በጠዋት እስከ ጠብታው ተሟጥጦ የአንድ ፈረስ መቀመጫ የታጠበበት ውሃ።

«የማን ጋሪ ናት?» አልኩት። ባልጠይቅ ይሻል ነበር።

«የእትዬ ትደነቅያለሽ ናት እንጂ። ፈረሷ ታመመ አሉ።»

ጎማው ላይ ተቀመጥኩ። ሙዘይን ትንሽ ተጠጋልኝ፤ የዞረበት ሰው ሲያይ ያውቃል።

ግድግዳው ዝም አልልም አለ፤ ዳማ መታከኩን አልተውም አለ፤ ሐኪሟ ሳላይ አልሰጥም አለች፤ አንጀቱ ባዶ ነኝ አለ፤ ወፍጮው ፉርሽካ አልሰጥም አለ፤ ቺንጋው ወፍጮውን አላዞርም አለ፤ ማስቲሹ ቺንጋውን አልይዝም አለ፤ ውሃው ዳገቱን አልወጣም አለ፤ ጋሪው ውሃውን አላመጣም አለ፤ ጋሪውን የሚጎትተው ማን ነው? ዳማ ነው። ዳማስ? ግድግዳዬን እየታከከ ነው።

ሙዘይን አፉን ከፍቶ ሰማኝ። «እንደገና በላት» አለኝ። «ለሚስቴ እነግራታለሁ።»

እንደገና አልኳት። ስጨርስ አንድ ነገር ገባኝ፤ በሕይወቴ ከሰዓት ውጭ የገባኝ የመጀመሪያው ነገር ሳይሆን አይቀርም። ሰዓት ሲቆም ጥርሶቹ ሁሉ ደህና ሆነው፣ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ታገኘዋለህ። ያኔ አትፈታታውም። በቀጭን እንጨት ከአንዱ በኩል ነካ ታደርገዋለህ። ይሄዳል።

ቀጭን እንጨት የሚሆነው ማን እንደሆነ ሳስብ ዙሪያዬን አየሁ። ሙዘይን ወደ ስልኩ ተመልሷል።

*

«አንተ?» አሉ እትዬ ትደነቅያለሽ።

«እኔ።»

«ብሎን ሲወድቅብህ ‹ወገቤን› እያልክ የምታነሳው ሰውዬ?»

«እትዬ፣ ፀሐይዋ እየሄደች ነው።»

ፀሐይዋን አዩ። መሳቁን ተዉት። ማሰሪያውን አንስተው በደረቴ አዞሩልኝ፣ ጠበቅ አደረጉት፣ ከልማድ ብዛት ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። በዘንጎቹ መካከል ገባሁ። እሳቸው ዳማን ከኋላ ይዘው ተከተሉን፤ መራመድ አንጀት ያነቃል ብላለች ሐኪሟ። ዳማ ዕድሜውን ሙሉ ከፊት ሆኖ ያላየውን ጋሪ ከኋላ ሆኖ አየው። ከእኔ ላይ ዓይኑን አልነቀለም።

ቁልቁለቱን እኔ አልሄድኩም፣ ጋሪዋ ነች የወሰደችኝ። የጋሪ መቆሚያው ጋ ነጂዎቹ ተደርድረዋል።

«እትዬ! ይሄኛው ዝርያው ምንድን ነው?»

«ጥርሱን አይተዋል? ሳያዩ ነው የገዙት?»

«ኮፍያ የሚያደርግ ፈረስ ዛሬ ገና አየሁ!»

«ከሲታ ነው፣ እሱንም ለትል ያስመርምሩት!»

እትዬ ትደነቅያለሽ ከኋላዬ «አትስማቸው፣ ልጄ» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ሳያስቡት መሰለኝ፣ «ቀኝህን ያዝ!» ብለው ጮኹ። ቀኜን ያዝኩ።

ቦኖው ጋ በርሜሉን እስከ አፉ ሞላን። ዳገቱ ላይ ጉልበቴ የራሱን ሐሳብ ማሰብ ጀመረ። አንዴ ቆምኩ። ጋሪዋ ወደ ኋላ ልትሄድ ስትል አንድ የሞቀ፣ ሰፊ ነገር ከኋላ ደገፋት። ዞሬ አየሁ። ዳማ ግንባሩን በርሜሉ ላይ አድርጎ ቆሟል። ሊረዳኝ ይሁን፣ አዲስ መታከኪያ አግኝቶ ይሁን፣ አልጠየቅኩትም።

ሙዘይን ደጃፍ ስደርስ እያለከለክሁ ቆምኩ። እጄን ወደ በርሜሉ ዘረጋሁ።

ሙዘይን በርሜሉን አየ። «ብራዘር፣ ይሄን ሁሉ?» አለ። «አንድ ጀሪካን እኮ ይበቃኝ ነበር።»

ወደ እትዬ ትደነቅያለሽ ዞርኩ።

«እኔማ ጀሪካን አንጠልጥሎ ደርሶ ይመጣል ብዬ ነበር» አሉ፣ ዓይናቸውን ወደ ሰማይ ሰደው። «አንተ ጋሪ፣ ጋሪ ስትል ምን ልበልህ? ደግሞ አምሮብህ ነበር።»

*

እሺ። ጀሪካንም ቢሆን፣ በርሜልም ቢሆን፣ የቆመው ሰዓት ተነካ።

እኔ ጋሪውን ጎተትኩ፤ ጋሪው ውሃውን አመጣ፤ ውሃው ቺንጋውን አጠበ፤ ማስቲሹ ቺንጋውን ያዘ፤ ቺንጋው ወፍጮውን አዞረ፤ ወፍጮው ፉርሽካውን ተፋ። ጋሽ ኡርጌሳ የመጀመሪያውን ጣሳ ሙሉ በእጃቸው ዘግነው፣ ጉንጫቸው ዱቄት እንደለበሰ፣ ራሳቸው ይዘው መጡ። እትዬ ትደነቅያለሽ ውሃ አሞቁ፤ ፉርሽካው ራሰ፤ ዳማ አሸተተ፤ ዳማ አፉን ባልዲው ውስጥ ከተተ። ባልዲው ሲንኳኳ እንደዚያ ደስ ያለኝ ድምፅ የለም፤ ሰዓት ሲነሳ ካለው በቀር።

ከዚያ ጠበቅን።

ግቢው ሞልቷል። ጋሽ ኡርጌሳ አሉ። ሙዘይን ሚስቱን ይዞ መጥቷል። ከመቆሚያው የተከተሉን ነጂዎች አሉ። ሁላችንም የአንድ ፈረስ ጭራ ላይ አፍጥጠናል። ፀሐይዋ የአጥሩን ቆርቆሮ ነካች። ዳማ ጭራውን አነሳ፤ ሁላችንም አየር ሳብን፤ ዝንብ አባሮ መለሰው።

«ምጥ እኮ ሆነ» አለች የሙዘይን ሚስት።

«እርጅና ይሆናል» አለ ከነጂዎቹ አንዱ፣ ቀስ ብሎ። የእትዬ ትደነቅያለሽ እጅ የዳማ ልጓም ላይ ሲጠብቅ አየሁ።

«ዙሩ!» አሉ ድንገት። «ሁላችሁም ዙሩ! እናንተ ብትሆኑ ሰው እያያችሁ ይሆንላችኋል?»

ዞርን። ያ ሁሉ ሰው ለፈረስ ጀርባውን ሰጥቶ አጥር አጥሩን አየ። ማንም አላሳለም። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ብሎኑ አላሰብኩም። ስለ አስፋልቱ ዳር ነበር የማስበው።

ከኋላችን ረጅም ትንፋሽ። ቀጥሎ የቆዳ እንቅስቃሴ።

«ተካበ! መሬት እንዳይነካ!» አሉኝ።

ዞርኩ፣ ሮጥኩ፣ እጄን ዘረጋሁ፤ ያኔ ነው ዕቃ አለመያዜ የታወሰኝ። ያለኝ ኮፍያዬ ብቻ ነበር።

*

ዶክተር ፈትለወርቅ የክሊኒኩን በር ልትቆልፍ ቁልፉን አስገብታለች። በሁለት እጄ ኮፍያዬን እንደ ጽዋ ይዤ ፊቷ ቆምኩ። እንፋሎቱ ይጨሳል። ጎንበስ ብላ አየች።

«ይሄኛው ፋንድያ ነው» አለች። ቁልፉን መልሳ አዞረች።

ቆንጥራ ብርጭቆ ውስጥ ከተተች። ጨው እስኪጠግብ የሟሟበት ውሃ ጨመረች፣ በጠበጠች፣ በሻይ ማጥለያ አጠለለች። «ገለባው ይቀራል፣ እንቁላሉ ጨው ላይ ይንሳፈፋል» አለች። ጠበቀች። ከላዩ ጠብታ ወስዳ መስታወቱ ላይ አድርጋ ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ ደቀነች። እኔ፣ እትዬ ትደነቅያለሽ፣ ከበሩ ውጭ ዳማ። ሁላችንም ጀርባዋን እናያለን።

«ይምጡ፣ ይዩ» አለችኝ።

አየሁ። «ክብ! ጥቁር ጠርዝ ያላት ክብ አየሁ!»

«እሱ የአየር አረፋ ነው። ወደ ግራ።»

ወደ ግራ ሄድኩ። ነበሩ። ሞላላ፣ ቀጭን ጠርዝ ያላቸው፣ እንደ ሴት የእጅ ሰዓት ፊት። አንድ አይደሉም። የትም ብዞር አሉ። ስንት ሞላላ ሰዓት ከፍቻለሁ፣ እንዲህ ያስደሰተኝ የለም።

«ሞልቶታል» አለች ወደ እትዬ ትደነቅያለሽ ዞራ። «ይድናል።»

«እርጅና አይደለም?» አሉ፤ ድምፃቸው ከቤቱ ወለል የመጣ ይመስላል።

«ዕድሜውማ ሄዷል። ግን እርጅና እንቁላል አይጥልም፣ እትዬ።»

እትዬ ትደነቅያለሽ ወጥተው የዳማን አንገት አቀፉ። ቆዩ። እኔ የክሊኒኩን ግድግዳ አየሁ፤ ጥሩ ግድግዳ ነው፣ አይንቀሳቀስም።

ዶክተሯ የዳማን ደረት በሜትር ለክታ፣ በክብደቱ ልክ መድኃኒቱን ምላሱ ላይ ጨመቀችለት። ጭራው ሥር ቫዝሊን ለቀለቀችለት። «የሚያሳክከው ያስተኛዋል። ፋንድያውን በየቀኑ ጥረጉ፤ ይሄን እንኳን ያውቁበታል። አዲስ የሚመጣ ፈረስ ካለ ሳላየው ከዳማ ጋር አንድ ጋጣ እንዳያድር።»

ኮፍያዬን መለሰችልኝ።

*

ግቢ ስንገባ ሽብሩ ቆሟል። ረጅም ሰው ነው፤ በአንድ እጁ የአዲሱን አምባላይ ፈረስ ገመድ፣ በሌላው ባዶ ገመድ ይዟል። ባዶው ለዳማ ነበር።

«እህስ?» አለ። «እርጅና ነው አላልኩም?»

«እርጅና እንቁላል አይጥልም» አሉት እህቱ።

ሽብሩ እኔን አየኝ። እኔ ኮፍያዬን አሳየሁት። ባዶውን ገመድ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

ዳማ በራሱ ጊዜ አልፎን ወደ ጋጣው ገባ። ክፍሌ ገብቼ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አደረግኩ። ፉርሽካው ሆዱ ገባ፤ አንጀቱ ሰጠ፤ ሐኪሟ አየች፤ መድኃኒቱ ምላሱ ላይ አረፈ፤ ዳማ መታከኩን ተወ፤ ግድግዳው ዝም አለ። ብሎኑን ከወለሉ አንስቼ ጠረጴዛው መሃል ላይ አስቀመጥኩት። አልተንቀሳቀሰም። እርጥቡን ኮፍያዬን ቀለበቱ ላይ ሰቀልኩ።

«ታዲያ ይሄ የት ሊያድር ነው?» ሲል ሰማሁት ሽብሩ ከውጭ። አምባላዩ በአፍንጫው ነፋ።

 ብቅ አልኩ። እትዬ ትደነቅያለሽ ጋጣውን እያዩ ነው። ቀጥለው እኔን አዩኝ። ቀጥለው ከትከሻዬ በላይ፣ ኮፍያዬ የተሰቀለበትን የብረት ቀለበት።

«ተካበ፣ ልጄ» አሉኝ፣ ሐዘን ቤት እንደሚያናግሩት ሰው። «ያ ክፍል ላንተ ከማከራየቴ በፊት ምን እንደነበር ነግሬህ ነበር?»

ጠረጴዛውን እኔና ሽብሩ ተሸክመን አወጣነው። ቀጥሎ ፍራሹን። ብሎኑን በመዳፌ ይዤ ነበር። አምባላዩ ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ትራሴን አሸተተ። ሽብሩ ኮፍያዬን አውርዶ ሰጠኝ፤ ገመዱን ቀለበቱ ላይ አሰረ፤ በትክክል ለዚያ የተሠራ ነበር።

እትዬ ትደነቅያለሽ በሩን ያዙ። «እስኪመረመር ብቻ ነው» አሉኝ። «ፋንድያውን ነገ ጠዋት ትይዝለታለህ። የነገውን ግን ዕቃ ያዝለት።»

በሩ ተዘጋ።